አሥራ ስምንት ዩኒት

ሾፌሩ ሦስት ጊዜ አንኳኳ። መልስ ሲያጣ በመስኮቱ ተንጠራርቶ አየ። ሽማግሌው መሃንዲስ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በደረታቸው ተደፍተዋል። የፈሰሰው ሻይ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል። ሾፌሩ በሩን በትከሻው ገንጥሎ ገባ። ቀና ሲያደርጋቸው ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፤ ዓይናቸው ተገልጧል፣ ግን ማንንም አያይም።

ዕለቱ ዓርብ፣ ጊዜው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። መሃንዲሱ አራት ሰዓት ላይ አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርበው፣ ሰባት ተማሪዎችን የገደለው የትምህርት ቤት ደረጃ ለምን እንደተደረመሰ ሊናገሩ ቀጠሮ ነበራቸው። ሾፌሩም የተላከው እሳቸውን ሊወስድ ነው።

ጉዳዩ ለምስማር ተሰጠ። ምስማር የመርማሪዋ ቅጽል ስም ነው። ባልደረቦቿ ያወጡላት አንዴ ከገባች አትነቀልም ብለው ነው። እሷ ግን ስሙን የምትቀበለው ለሌላ ነገር ነበር፤ መዶሻውን ቀምሳዋለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ ገና ጀማሪ ሳለች፣ አለቃዋን ደስ ለማሰኘት አንድ የዘበኛ ደመወዝ የሚበላ ምስኪን ያልሠራውን ሠርቻለሁ ብሎ እንዲፈርም አግባባችው። ንጹሕ መሆኑ የታወቀው አራት ዓመት ከታሰረ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ «ቶሎ አስፈርሚና ዝጊው» የሚባል ነገር ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች።

ቤቱ ስትደርስ እኩለ ቀን ሆኗል። የመሃንዲሱ ታናሽ ወንድም በተገነጠለው በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። አጠገብ ነው የሚኖሩት። አምቡላንሱ ወንድማቸውን ይዞ ሲሄድ፣ በሩ አይዘጋምና ቤቱን ልጠብቅ ብለው ቀርተዋል።

«ጠረጴዛውን ማን ጠረገው?» አለች ምስማር።

«እኔ ነኝ የእኔ ልጅ። ሻዩ እንጨቱን እንዳያበላሸው ብዬ። ጥፋት ሠራሁ?»

ጥፋት ነበር፤ ግን ዓይናቸው ቀልቶ ስላየች አለፈችው። መኝታ ቤት መደርደሪያው ላይ ትንሽ የእንጨት ሣጥን አገኘች። ውስጧ ሁለት የኢንሱሊን ፔኖች ጎን ለጎን ተኝተዋል፤ በእስክሪብቶ መልክ የተሠሩ፣ በሆዳቸው የመስታወት ብልቃጥ የሚገባባቸው መርፌዎች ናቸው። ሁለቱም ግራጫ ናቸው፤ አንዱ ወገቡ ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ተጠቅልሎበታል። ከሣጥኑ ሥር ደብተር አለ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የስኳር መጠን፣ የተወጋው የመድኃኒት መጠን በዩኒት፣ ሆድ ወይስ ጭን፣ ግራ ወይስ ቀኝ። አንድም የተሰረዘ የለበትም። ሁሉንም በማስረጃ ከረጢት ከታ ወጣች።

*

ሐኪሙ ሌሊቱን አዳሪ ሆኖ ዓይኑ ደም የመሰለ ወጣት ነው።

«ስኳራቸው ሃያ ሁለት ነበር» አለ። «ጤነኛ ሰው ሰማንያ፣ ዘጠና ነው። ሌላ ግማሽ ሰዓት ቢቆዩ ኖሮ ከእኔ ጋር ሳይሆን አስከሬን ከሚመረምረው ጋር ነበር የምታወሪው።»

«ኢንሱሊን በዝቶባቸው ነው?»

«ነው። ዓይናቸው ስለደከመ የምትወጋቸው ልጃቸው ናት። ሁለት ዓይነት ይወስዳሉ። አንደኛው ረጅም ጊዜ የሚሠራው ነው፤ በቀን አንዴ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ሃያ አራት ዩኒት። ሁለተኛው ፈጣኑ ነው፤ ከየምግቡ በፊት ስድስት ዩኒት።»

«ረጅሙን ረስታ ደግማ ወግታቸው ይሆን? አለቃዬ እንደዚያ ነው የሚለው።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ እሱ ነው። ሰዓቱ ግን እምቢ አለኝ። ረጅሙ በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። አብዝተሽ ብትሰጪ ሰውየው ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፤ እኛም እስከ ነገ ግሉኮስ ስንሰጥ እናድራለን። እሳቸው አንድ ሰዓት ላይ ተወግተው፣ ቁርስ በልተው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደቁ። አሁን ደግሞ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ግሉኮሱን አቁመን ስኳራቸው በራሱ ቆሟል። ይሄ የፈጣኑ ጠባይ ነው። ይመታል፣ ያልፋል።»

«መቼ ይነቃሉ?»

«ይነቁ እንደሆነ ነው የምትጠይቂኝ» አለ ሐኪሙ ዝቅ ባለ ድምፅ።

*

ጣቢያ ስትመለስ አዛዡ ቸኩሎ ጠበቃት። ጠረጴዛው ላይ የተተየበ ወረቀት አለ።

«ልጅቷ ውስጥ ናት። በስህተት መጠኑን አብዝቻለሁ ትበልና ትፈርም። ክፋት የለበትም፣ ቸልተኝነት ነው። ነገ እኩለ ቀን ላይ ተዘግቶ እፈልገዋለሁ። ጋዜጠኞቹ ምስክሩ ተመረዘ እያሉ ስልኬን ሊያቃጥሉት ነው።»

«ተመርዘው ከሆነስ?»

«ምስማር፣ ዛሬ ባትጀምሪኝ ምን አለበት?»

ልጅቷ የሚላት ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላት የሂሳብ አስተማሪ ናት። ክፍል ውስጥ እያለች ስለተጠራች ጣቷ ላይ ጠመኔ አለ። ወረቀቱን እስከ መጨረሻ አነበበችው፤ የሆሄ ግድፈቱን በጥፍሯ አመለከተች፤ ከዚያ ገፋ አደረገችው።

«አልፈርምም።»

«ስህተት ማንም ይሠራል» አለ በር ላይ የቆመው አዛዥ።

«ይሠራል። እኔም ስሳሳት ሃምሳ ተማሪ ፊት ሰሌዳ አጠፋለሁ። ሰባት ዓመት ነው አባዬን የወጋሁት። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ጠዋት በላይ። ሥልጠና ከሄድኩበት ሁለት ሳምንት በቀር አንዱንም አልዘለልኩም፣ አንዱንም አልደገምኩም። ዛሬ ደገምሽ የሚለኝ ሰው ቁጥሩን ያሳየኝ።»

«ቁጥር አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«እኔ የማውቀው ቁጥር ነው!»

አዛዡ በሩን ወርውሮት ሄደ። ምስማር ፈገግታዋን ለመደበቅ ብላ ጎንበስ አለች።

ኮሪደሩ ላይ አጎትየው ምግብ ቋጥረው መጥተዋል። የወንድማቸውን ልጅ ትከሻዋን አቅፈው፣ «የእኔ ልጅ፣ ፈርሚላቸውና ይልቀቁሽ። ማንም ክፉ አያስብብሽም። አባትሽ አልጋ ላይ ነው፣ አጠገቡ መሆን አለብሽ» አሏት።

«ያላጠፋሁትን አጎቴ?»

«ለሰላም ብለሽ።»

«ለማን ሰላም?» አለችና ክንዳቸውን ከትከሻዋ አወረደችው።

*

ጎረቤት በሰጠችው ቃል፣ ሐሙስ ከእራት በኋላ አንድ ሰው መሃንዲሱ ቤት ሲጮህ ተሰምቷል። ሰውየው ደረጃውን የሠራው ሥራ ተቋራጭ ነው። ምስማር ቢሮው ገባችና ሳትቀመጥ፣ «ነገ አፍህን ትዘጋለህ ብለሃቸዋል» አለችው።

«ብያለሁ!» ሥራ ተቋራጩ አልካደም። ሰፊ ሰው ነው፣ ሲናገር ወንበሩም ይናገራል። «ጠበቃዬ ይዘጋልሃል ማለቴ ነው። ሽማግሌው እኮ የእኔን ስም ብቻ አይደለም የሚያነሣው፣ ሌላም ወረቀት አለኝ ብሎ ይፎክራል።»

«ምን ወረቀት?»

«አላሳየኝም። ደግሞ እኔና መርፌ! ልጄን ሲያስከትቡ ተዝለፍልፌ ወድቄ ሦስት ነርሶች ናቸው ያነሡኝ። ዛሬ ደግሞ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ ቀትር ኮሚሽኑ አዳራሽ ፊት ለፊት ተቀምጫለሁ። ካሜራውን እይው።»

«ሐሙስ መኝታ ቤት ገብተሃል?»

«ከሳሎን ንቅንቅ አላልኩም። ወንድምየው ሹራብ ላምጣለት ብሎ ገብቶ ሲቆይ እኔ ብቻዬን የሽማግሌውን ስድብ ስጠጣ አመሸሁ።»

ዓርብ ጠዋት ስለነበረበት ቦታ የተናገረው ትክክል መሆኑን የአዳራሹ ካሜራ አረጋገጠላት። ምስማር ተናደደች፤ ይህን ሰው ጥፋተኛ ማድረግ እንዴት ደስ ባላት ነበር።

*

አመሻሹ ላይ የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ጓንት አጥልቆ ሁለቱን ፔኖች ፈታ፤ ብልቃጦቹን በመቆንጠጫ አወጣ፣ የቀረውን መድኃኒት ስቦ ለካ። ብልቃጦቹ በየትክክለኛ ቦታቸው ነበሩ፤ ረጅሙ ሰማያዊ ፕላስተር ባለበት፣ ፈጣኑ በሌላው። ምስማር የተለካውን በወረቀት ይዛ ወደ አስተማሪዋ ተመለሰች፤ ደብተሩንም ከፊቷ አኖረችው።

«ቁጥር አምጪ ብለሽ ነበር። በይ፣ አስተምሪኝ።»

አስተማሪዋ መጻፊያ ወረቀት ፈለገች። ጠረጴዛው ላይ ያለው ያ የተተየበ ቃል ብቻ ነው። ገለበጠችውና ጀርባው ላይ ጻፈች።

«ሰኞ ጠዋት ከታሸገ ካርቶን ሁለት አዲስ ብልቃጥ አውጥቼ አስገባሁ። እያንዳንዱ ሦስት መቶ ዩኒት ይይዛል። ሁልጊዜ ከመውጋቴ በፊት ሁለት ዩኒት ወደ ውጭ እረጫለሁ፣ መርፌው እንዳልተደፈነ ለማየት። ረጅሙ ሃያ አራት፣ ከሁለቱ ጋር ሃያ ስድስት። ከሰኞ እስከ ዛሬ አምስት ጊዜ። መቅረት ያለበት መቶ ሰባ ነው።»

«ፈጣኑስ?»

«ስድስት፣ ከሁለቱ ጋር ስምንት። እስከ ዛሬ ቁርስ አሥራ ሦስት ጊዜ። መቶ ዘጠና ስድስት መቅረት አለበት። የተገኘው ስንት ነው?»

«ረጅሙ መቶ ሰማንያ ስምንት። ፈጣኑ መቶ ሰባ ስምንት።»

አስተማሪዋ ቁጥሮቹን ጻፈች። እርሳሷ ቆመ።

«ረጅሙን ደግሜ ቢሆን ኖሮ መቶ አርባ አራት ነበር የሚቀረው። እንኳን ሊጎድል፣ በአሥራ ስምንት በዝቷል። ፈጣኑ በአሥራ ስምንት ጎድሏል። ከሃያ አራት ስድስት ሲነሣ አሥራ ስምንት…» ፊቷ ገረጣ። «ዛሬ ጠዋት የፈጣኑን ሃያ አራት ነው የወጋሁት። በረጅሙ ፋንታ።»

አዛዡ ከኋላ ሲያዳምጥ ቆይቷል። «ይኸው! አምታታች። አበቃ።»

«አላምታታሁም» አለች አስተማሪዋ እየተነሣች። «ፕላስተሩን የጠቀለልኩት በጨለማ እንኳ በጣቴ እንድለየው ነው። ዛሬም ዳስሼዋለሁ፣ አይቼዋለሁ። ሃያ አራቱን የወጋሁት ፕላስተር ባለው ፔን ነው።» ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። «ያየሁት ግን ፕላስተሩን ነው። ውስጥ ያለውን ብልቃጥ አዙሬ ስሙን አላነበብኩም። ሁለቱም መድኃኒት እንደ ውሃ የጠራ ነው፣ በዓይን አይለይም። ሁልጊዜ ማንበብ ነበረብኝ። ይሄንን ጻፉና እፈርማለሁ። ሌላውን ግን ብትቆራርጡኝ አልፈርምም።»

አዛዡ ወደ ምስማር ዞረ። «ሰምተሻል። ዝጊው።»

«አልዘጋም።»

«ምን አልሽ?»

«አልዘጋም አልኩ ጌታዬ። ፕላስተር ያለው ፔን ውስጥ ፈጣኑ ከነበረ ብልቃጦቹን ያለዋወጠ ሰው አለ። ዛሬ ደግሞ በቦታቸው ናቸው፤ መልሶ ያለዋወጠም አለ። እሷ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ሃምሳ ተማሪ ፊት ነበረች። ከዚያ ሆስፒታል፣ ከዚያ እዚህ። መልሳ የምትለዋውጥበት ጊዜ የላትም። ከፈለጉ ፋይሉን ይውሰዱብኝ፤ እስካልወሰዱብኝ ድረስ ግን የእኔ ነው።»

አዛዡ አልወሰደባትም። እሷም ብልቃጦቹን ወደ አሻራ ክፍል ይዛ ሄደች።

*

ቅዳሜ ጠዋት አጎትየው የተገነጠለውን በር ማጠፊያ እየመቱ ነበር። ምስማር ደፉ ላይ ተቀመጠች።

«የቤተሰቡን ሁሉ አሻራ ስለወሰድን ላጣራ ብዬ ነው። ፔኖቹን ነክተዋቸው ያውቃሉ?»

«አንዴ ነው የማውቃቸው? ልጅቷ ባለፈው ወር ሥልጠና ስትሄድ ለሁለት ሳምንት የወጋሁት እኔ ነኝ። ራሷ ናት ያሠለጠነችኝ። አሻራዬ ባይገኝ ነው የሚገርመኝ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህ አልነካሁም። ምን አገባኝ?»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ምስማር ጻፈችው፤ እንዲያነቡት ሰጠቻቸው፤ አንብበው ፈረሙ። ከዚያ ከኪሷ አንድ ፎቶግራፍ አወጣች። መስታወት ላይ የቀረ የአውራ ጣት አሻራ ነው።

«ይሄ ከፔኑ ላይ አይደለም የተነሣው። ውስጥ ካለው ብልቃጥ ላይ ነው። ብልቃጡ ከታሸገው ካርቶን የወጣው ሰኞ ጠዋት ነው። አውራ ጣቱ የእርስዎ ነው።»

መዶሻው በእጃቸው እንደተንጠለጠለ ቀረ።

«ሐሙስ ሹራብ ላምጣ ብለው ገብተው ለወጧቸው» አለች ምስማር። «ዓርብ አምቡላንሱ ሲሄድ ቤቱን ልጠብቅ ብለው ቀርተው መለሷቸው። ሁለቱንም ጊዜ እዚህ ቤት የነበረ ሰው አንድ ብቻ ነው። የማላውቀው ምክንያቱን ነው።»

አጎትየው በደጁ ደረጃ ላይ እንደ ከረጢት ተቀመጡ።

«የሕንፃ ተቆጣጣሪ ነበርኩ» አሉ። «የትምህርት ቤቱ ደረጃ ብረት እንደጎደለው አውቄ ነው የፈረምኩት። ለምኜዋለሁ። ተቋራጩን አጋልጥ፣ የእኔን ገጽ ግን ተወው አልኩት። ወንድምህ ነኝ አልኩት። እምቢ አለ። ልገድለው አይደለም! ሰዓቱ እስኪያልፍ እንዲተኛ ብቻ ነው። ኮሚሽኑ በዚያው ቀን ሊዘጋ ነበር…»

«በስኳር ማነስ ሰው አይተኛም። ይጠፋል። እርስዎ ሠልጥነዋል፤ ይሄን ያውቃሉ።»

«ደንግጬ ነበር።»

ምስማር እስከዚያች ደቂቃ በአንቱታ ነበር ያነጋገረቻቸው። ተነሣች።

«ደንግጠህ ጠረጴዛ ጠረግክ? ደንግጠህ ነው ምግብ ቋጥረህ መጥተህ ልጅቷን ፈርሚ ያልካት?»

መዶሻውን ከእጁ ወስዳ መሬት አስቀመጠችው፣ የእጅ ሰንሰለትም አጠለቀችለት።

ጣቢያው ውስጥ የአዛዡ የመጀመሪያ ጥያቄ ያ የተተየበ ወረቀት የት እንደደረሰ ነበር።

«መዝገቡ ውስጥ ነው» አለች ምስማር። «ጀርባው ላይ ዋናው ማስረጃ ተጽፎበታል።»

*

መሃንዲሱ የነቁት እሑድ ጠዋት ነው። መጀመሪያ ውሃ ጠየቁ፤ ቀጥሎ ቀኑን ጠየቁ። ልጃቸው ልትነግራቸው ስትሞክር ቃል አጣች፤ የነገረቻቸው ምስማር ናት። ሽማግሌው ጣሪያውን እያዩ ሰሙ።

«አባታችን ሲሞት እሱ ስድስት ዓመቱ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ደብተሩን የገዛሁለት እኔ ነኝ፣ ጫማውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ።» ከዚያ ለረጅም ጊዜ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሲመለሱ ዓይናቸው ደርቋል። «ኮሚሽኑ ተዘጋ?»

«አልተዘጋም ጋሼ። እርስዎን እየጠበቀ ነው።»

«እንግዲያው ልብስ አምጡልኝ።»

«ጋሼ፣ ቢያንስ ሳምንት ከአልጋ አይወርዱም» አለ ሐኪሙ።

«እንግዲያው እነሱ ይምጡ። እኔ ሳምንት አልቆይም። የሰባቱ ልጆች እናቶች ስንት ሳምንት ቆዩ?»

ሰኞ አራት ሰዓት ላይ ሦስቱ ኮሚሽነሮች በአልጋዎቹ መካከል በጠባቡ ተሰድረው ተቀመጡ። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ደርሷል፤ እናቶቹ ኮሪደሩን ሞልተው፣ የክፍሉ በር አልዘጋ ብሏል። ጥበቃው ሊያስወጣቸው ቢሞክር አንዷ፣ «የልጄን አስከሬን ስታወጡ መች ጠየቃችሁኝ?» አለችውና ደብዛው ጠፋ። ምስማር ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆመች፤ ማንም እንዳይዘጋው።

መሃንዲሱ ትራስ ተደግፈው፣ ያለ ክራቫት፣ በሆስፒታል ፒጃማ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። የብረቱን ውፍረት፣ የአሸዋውን ዓይነት፣ የጻፉትንና መልስ ያላገኙበትን ደብዳቤ ሁሉ በቀን በቀኑ አስቀመጡ። ድምፃቸው ሲሰልል ሰብሳቢው ጎንበስ አለ።

«ደክመዋል። የቀረውን በጽሑፍ ልንቀበልዎት እንችላለን። በተለይ ይህ የመጨረሻው ገጽ… የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ ማንም አይወቅስዎትም።»

ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። አስተማሪዋ ወረቀቱን ሰጠቻቸው። በደከመው ዓይናቸው እስከ አፍንጫቸው አስጠግተው አዩት፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ደረጃው ደኅና ነው ብሎ የፈረመው ወንድሜ ነው። ያለኝ አንድ ወንድሜ» አሉ። «ጻፉት። ቀጥሉ፣ ጠይቁኝ፤ ገና አልጨረስኩም።»